ዝም ያሰኙት ክር አይቃኝም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ ዕትም የምንጽፍላችሁ ስለ ፒያኖ አቃኛኘት ነው ብንላችሁ «ይህ ደግሞ ለነፍሳችን ምን ይረባታል?» ትሉን ይሆናል። ፒያኖ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የመቅደስ ዕቃ እንዳይደለ እናውቃለን፤ የእኛ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ መቋሚያውና በገናው ነው። ይሁን እንጂ ጌታችን ከዘሪው፣ ከዓሣ አጥማጁና ሊጥ ከምታቦካው ሴት ሥራ ምሳሌ እያነሣ የመንግሥቱን ምሥጢር አስተምሮናል። እኛም ከአንድ ባለሙያ እጅ ብንማር ነውር የለበትም። ደግሞም ይህን ጽሑፍ የጀመርነው ሌላውን ለመምከር ሳይሆን የራሳችንን ጥፋት ለመናገር ነው።

ሀ. በክረምቱ የሆነው

መልካ ወረርን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። አዋሽ ወንዝ ውኃውን የሚያጠጣት፣ ጥጥ የሚለማባት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ማዕከል ያለባት የአፋር ምድር ናት። በጥጡ ሥራ ምክንያት ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከደቡብም ብዙ ሰው መጥቶ ኖሮባታል። ስለዚህ በአንድ የመዝሙር ረድፍ ውስጥ ብዙ ዓይነት አንደበት ይገኛል።

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደ ቤታችን ተመለስን። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ለመስቀል በዓል መዝሙር እንድናስጠና አደራ ሰጠን። ቀን ሙቀቱ አላስቀምጥ ስለሚል የምንለማመደው ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነበር። ከመዘምራኑ መካከል አንዲት ታናሽ እኅታችን ነበረች። ቤተ ሰቦቿ ለጥጥ ሥራ ከደቡብ የመጡ ናቸው። ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ ምንጣፉን ታነጥፋለች፣ ከሁሉ በኋላ ትሄዳለች። መዝሙሩ ሲጀመር ግን ድምፅዋ ከሌላው አይገጥምም ነበር።

እኛም በዓሉ ደርሶብናልና ቸኮልን። አንድ ቀን በሁሉ ፊት «እኅታችን፣ አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ፤ ድምፅ አታውጪ» አልናት። ጓደኞቿ ሣቁ፤ እኛም አልገሠጽናቸውም። እርሷ አንገቷን ደፍታ ያልናትን አደረገች። ለሁለት ሳምንት አፏን ብቻ ስታንቀሳቅስ ቆየች፤ ከዚያ በኋላ ቀረች። መዝሙሩም አማረ። በበዓሉ ቀን ምእመናኑ መረቁን፤ እኛም ደስ ብሎን ወደ ትምህርታችን ተመለስን። የት ሄደች ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ይህ ነው ጥፋታችን።

ለ. የፒያኖው ሰው

አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ በአንድ አዳራሽ በር ስናልፍ አንድ አረጋዊ ሰው የፒያኖውን ክዳን አንሥተው፣ የፊት ሳንቃውን አውልቀው ሲሠሩ አየን። ፒያኖ ውስጡ ሲከፈት አይተን ስለማናውቅ ቆመን ቀረን። እሳቸውም «ግቡ ልጆቼ፤ ስትገቡ ግን ዝም ብላችሁ ነው» አሉን። ገብተን ተቀመጥን።

በፒያኖ ላይ 88 ቁልፎች አሉ። በውስጡ ያሉት የብረት ክሮች ግን ከ200 ይበልጣሉ። ምክንያቱም በአብዛኛው አንዱን ቁልፍ ስንመታ የምትነሣው መዶሻ የምታገኘው አንድ ክር ሳይሆን ጎን ለጎን የተወጠሩ 3 ክሮችን ነው። ወፍራም ድምፅ ባለበት በግራው በኩል 2፣ ከሁሉ በታች ባሉት ላይ ደግሞ 1 ክር ብቻ ይሆናል። ሦስቱ ክሮች በትክክል አንድ ዓይነት ሲጮኹ ጆሯችን አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከሦስቱ አንዱ ጥቂት ቢላላ ግን ድምፁ «ዋው፣ ዋው» እያለ ይንገዋለላል። ለምሳሌ አንዱ ክር በሰከንድ 440 ጊዜ ሲርገበገብ ጎረቤቱ 442 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በየሰከንዱ 2 ጊዜ ከፍና ዝቅ የሚል ሞገድ እንሰማለን። ቃኚው የሚከተለው ይህን ሞገድ ነው፤ ሞገዱ እየዘገየ ሄዶ ጸጥ ሲል ሁለቱ ክሮች አንድ ሆኑ ማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሦስቱ ክሮች አንድ ላይ ከጮኹ የትኛው እንደ ላላ፣ የትኛው እንደ ጠበቀ ማንም ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ቃኚው ክሮችን ዝም የሚያሰኝበት መሣሪያ ይዟል። መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አሳዩን። አንደኛው ረጅም የወፍራም ሱፍ ጥብጣብ ነው። በመካከለኛዎቹ ቁልፎች ክሮች መካከል እየታጠፈ ይሰካና የየቁልፉን የግራና የቀኝ ክር ይይዛል፤ መካከለኛው ክር ብቻ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ከጎማ የተሠራ ትንሽ ሽብልቅ ነው፤ በሁለት ክሮች መካከል ገብቶ ያፍናቸዋል። ሦስተኛው እንደ ወረንጦ ሁለት እግር ያለው ነው። እንዲህ ቀጥ ብሎ በሚቆም ፒያኖ ላይ መዶሻዎቹ መንገድ ስለሚዘጉ በመካከላቸው ሾልኮ ይገባል፤ እጅ ሲለቀው እግሮቹ ተከፍተው በግራና በቀኝ ያሉትን ክሮች ይይዛሉ።

ሥራቸውን እንዲህ አከናወኑ። አስቀድመው ሱፉን ሰክተው የየቁልፉን መካከለኛ ክር ብቻ ቃኙ። የመጀመሪያው ድምፅ ከትንሽ የብረት ሹካ የተወሰደ ነው፤ ዛሬ ግን በስልክ ላይ በሚጫን መቃኛም ይሠራል አሉን። መካከለኛዎቹ ክሮች ከተስተካከሉ በኋላ ሱፉን በጥቂት በጥቂቱ እየነቀሉ የጎኑን ክር ነጻ አወጡት። በመቃኛ ቁልፉ የክሩን መወጠሪያ ችንካር ከዓይን በማይታይ መጠን እያዞሩ፣ ነጻ የወጣውን ክር ከተቃናው ጋር አንድ ላይ እየመቱ አዳመጡ። ሞገዱ ሲጠፋ ወደ ሦስተኛው ክር ተሻገሩ።

ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ፣ ታዲያ የተበላሸውን ክር ነው ዝም የሚያሰኙት?» ብሎ ጠየቃቸው። ሣቅ አሉና እጃቸውን ከሥራው አነሡ። «የለም ልጄ፤ የተበላሸውንማ ዝም ካሰኘሁት በምን ልቃኘው? ዝም ያሰኙት ክር አይቃኝም። ዝም የማሰኘው ጎረቤቶቹን ነው፤ የደኅናውንም ጎረቤት ጭምር። የተበላሸው ብቻውን ከአንድ ደኅና ጋር ሆኖ መሰማት አለበት» አሉን።

ጨምረውም ሦስት ነገር ነገሩን። ሽብልቁን በኃይል መሰካት አይገባም፤ ከመጠን በላይ ሲጫን ጎረቤቱን ክር ገፍቶ ከልኩ ያወጣዋልና ቃኚው ይታለላል። ሁለት ያልተቃኑ ክሮችን አንዱን በሌላው መቃኘት አይገባም፤ አንዱ አስቀድሞ የተቃና መሆን አለበት። በመጨረሻም ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ሱፉም ሽብልቁም ተቆጥሮ መውጣት አለበት። አንድ ሽብልቅ ተረስቶ የቀረበት ፒያኖ ሲመታ ድምፁ ይከሳል፤ ባለቤቱም ክሩ ሞቷል ብሎ ያስባል እንጂ አፉን እኛ እንደ ያዝንበት አያውቅም።

ይህን በሰማን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ሁላችንም ያሰብነው ያችን እኅታችንን ነበር።

ሐ. ቃሉ ምን ይለናል?

ወገኖቻችን፤ ማሳረምን ተገላቢጦሽ አድርገነው ነበር። ቃኚው የተበላሸውን እንዲሰማ ሌላውን ዝም ያሰኛል፤ እኛ ግን ሌላው እንዲሰማ የተበላሸውን ዝም አሰኘን። ከዚህ የተነሣ መዝሙሩ ያማረ መሰለን፤ ነገር ግን አንድም ድምፅ አልተቃናም፤ የጎደለው ድምፅ ተሸፈነ እንጂ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 15 ላይ ጌታችን ያዘዘውን ልብ እንበል። ወንድሙ የበደለው ሰው በቅድሚያ ወደ ጉባኤ አይወጣም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ይነጋገራሉ፤ የሌላው ሰው ሁሉ ድምፅ ለጊዜው ይታገዳል። ወንድም ከሰማ ትርፉ ወንድም ነው። ምስክርና ጉባኤ የሚመጣው ይህ ካልሆነ በኋላ ነው። እኛ ግን ከጉባኤው ጀመርን። ያውም እኅታችን ማንንም አልበደለችም፤ የበደልናት እኛ ነን።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደግሞ በኢያሪኮ መንገድ ዳር ስለ ተቀመጠው ዕውር ስለ በርጤሜዎስ ይነግረናል። እርሱ ሲጮኽ ብዙዎች ዝም እንዲል ገሠጹት። ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይመስለንም፤ ጌታን ይከተሉ ነበርና። ሥርዓቱ እንዳይረበሽ፣ ጉዞው እንዲያምር አስበው ይሆናል። ጌታችን ግን ቆመ። ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ቆመ። ያን ጊዜ የሚሰማው የአንድ ለማኝ ድምፅ ብቻ ሆነ። ጌታም ምን እንደሚፈልግ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሳለ ከራሱ አንደበት ሊሰማው ወደደ። እኛ ከገሣጮቹ ጋር ሆነን ጌታን የተከተልን መስሎን ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችንን የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድንም እናስታውስ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ተገርፎ እንደ ሸሸ ገድሉ ይናገራል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል እየወደቀች ደጋግማ ስትወጣ፣ በመጨረሻም ስትደርስ አይቶ ተመለሰ። ስለዚህች ትል ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ ስለ መምህሩ ስለ ጌዴዎን ግን ብዙ አንናገርም። ልጁ ሲመለስ መምህሩ ተቀብሎታል። «አንተስ አትሆንም፤ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድጓውን ከማን አፍ እንሰማ ነበር?

ይህን ስንል ዝምታ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በገናን ተመልከቱ። ዐሥር አውታር አለው፤ አባቶች ዐሥሩን በዐሥርቱ ትእዛዛት ይመስሉታል። ብዙዎቹ ደርዳሪዎች ግን የሚመቱት አምስቱን ወይም ስድስቱን ነው፤ የቀሩት ጣት መትቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው። የማይመቱት አውታሮች አልተጣሉም፤ ለጣቱ ማረፊያ ሆነው ያገለግላሉ። ክራር በሚገረፍበት ጊዜም የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ያቆያሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ይለቋቸዋል። ጣት እንደ ያዘ አይቀርም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እዚህ ላይ ሊነሡ ይገባል። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት እኚህ እናት፣ ፒያኖንና ገዳምን በአንድ ሕይወት የያዙ ናቸው። በወጣትነታቸው ሙዚቃውን ትተው ወሎ ግሸን ማርያም ገብተው ለዐሥር ዓመት ያህል በምናኔ ኖሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ፒያኖው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች አደረጉት። የእማሆይ ዝምታ በፈቃዳቸው ለእግዚአብሔር የሰጡት ነው። እኛ በእኅታችን ላይ የጫንነው ግን የእኛ ፈቃድ ነበር፤ መቼ እንደሚነሣ እንኳ አልነገርናትም። ሰው ራሱ የሚጾመው ጾም ነው፤ ሌላው ከማዕዱ ሲከለክለው ግን ረኀብ ነው።

መ. የተረሳው ሽብልቅ

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲያልቅ ወደ መልካ ወረር ተመለስንና ወደ እኅታችን ቤት ሄድን። ስንገባ እናቷ ቡና ይቆሉ ነበር። «ግቡ ልጆቼ፤ እግዜር ይመስገን፣ ተማሪዎቹ መጡ» ብለው ተነሡልን። ይህ ክብር በደላችንን ለምናውቅ ለእኛ ከባድ ነበር። የመጣንበትን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «እኔስ ታማብኝ ነበር የመሰለኝ። ውኃ ስትቀዳም፣ እንጀራ ስትጋግርም ትዘምር የነበረች ልጅ ናት። ከክረምቱ ወዲህ በቤት ውስጥ እንኳ ድምፅዋን አልሰማሁትም» አሉን።

ከዚህ የሚበልጥ ተግሣጽ አልሰማንም። እኛ ለአንድ በዓል ብቻ ብለን ያስገባነው ሽብልቅ በቤቷ ድረስ ተከትሏት ነበር።

እርሷ ከጓዳ ስትወጣ ተነሥተን ይቅርታ ጠየቅናት። ለብዙ ጊዜ አልመለሰችም። በኋላ ግን እንዲህ አለችን፦ «ተሳስቼ ከሆነ የቱ ጋ እንደ ተሳሳትሁ አልነገራችሁኝም።» መልስ አልነበረንም። እውነት ነው፤ አላዳመጥናትምና እኛም አናውቀውም ነበር።

በሚቀጥለው ልምምድ ቃኚው እንዳደረጉት አደረግን። ሁላችንም ዝም አልን፤ ከበሮውም ቆመ፤ አንዲት መሪና እርሷ ብቻ ሁለት ሆነው ዘመሩ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። መዝሙሩን እኛ የጀመርነው ለእርሷ ዕድሜና ድምፅ በጣም ከፍ አድርገን ነበር፤ ልትደርስበት ስለማትችል መካከል ላይ ትወርድ ነበር። ዝቅ አድርገን ስንጀምርላት ከግማሽ በላይ ገጠመች። የቀረውን ገና እየተማረች ነው። ሌላም ነገር ተገለጠ፤ እኛ አስጠኚዎቹ ተራ በተራ ብቻችንን ስንዘምር ከመካከላችን የሚሳሳት ተገኘ። በብዙ ድምፅ መካከል ተሸሽጎ ስለ ኖረ ማንም «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አላለውም ነበር። አንደበቷ ከእኛ አንደበት የተለየ በመሆኑ ስሕተቷ ቶሎ ተሰማን፤ የእኛ ስሕተት ግን አንደበታችንን ስለ መሰለ አልተሰማንም። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ነገር ግን ካልጻፍነው ሽብልቁ እንደ ገባ ይቀራል።

ዛሬ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ከፊት ረድፍ ግን ገና አትቆምም፤ ሰው ዘወር ብሎ ሲያያት ድምፅዋ ይቀንሳል። የሰበርነውን በአንድ ቀን ይቅርታ እንደማንጠግነው ተምረናል። የላላ ክር ደጋግሞ ካልተቃኘ አይጸናም ብለውን ነበርና ቃኚው።

ሠ. ምን እናድርግ?

እንግዲህ የተወደዳችሁ ሆይ፣ ይህ በመዝሙር ረድፍ ብቻ የሚሆን አይደለም። በቤታችን ታናሽ ወንድማችን አንድ ጊዜ ሲዋሽ ከዚያ በኋላ እውነቱንም እንዳይናገር አፉን እንይዘዋለን። በማኅበራችን አንድ ሰው አንድ ቀን ያልተገባ ሐሳብ ሲሰጥ ከዚያ ወዲያ እጁን ቢያነሣም አናየውም። በጉባኤያችን ኃጢአቱ የታወቀበት ሰው ከኋላ ይቀመጥና እንደ ተቀመጠ ይረሳል። እነዚህ ሁሉ ተቆጥረው ያልወጡ ሽብልቆች ናቸው።

ስለዚህ ወንድማችን ሲሳሳት አስቀድመን የራሳችንን አፍ እንያዝ። በዚህ በአፋር ምድር የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ይደርሳል። በበረሃ ውስጥ የውኃው፣ የግጦሹና የሰላሙ ነገር በዚህ ላይ ስለሚመሠረት በከንቱ አያቋርጡም። ለከብት ውኃ ይህን ያህል መደማመጥ ካስፈለገ፣ ክርስቶስ ለሞተላት ነፍስ ምን ያህል መደማመጥ ያስፈልግ ይሆን?

ቀጥሎም አንድ የተቃና ሰው ከጎኑ እናቁም፤ ሁላችንም አንድ ላይ አንጩኽበት። ተግሣጻችንም ልኩን አይለፍ፤ በኃይል የተሰካ ሽብልቅ ደኅናውንም ያበላሻልና። በመጨረሻም ክዳኑን ከመዝጋታችን በፊት እንቁጠር። በዓሉ አልፏል፣ መዝሙሩ አምሯል፣ ሰው መርቆናል ብለን ከመሄዳችን በፊት «ዝም ያሰኘነው ማን ነበር? ፈትተነዋልን?» ብለን እንጠይቅ። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ አንድ ስም በልባችሁ ከመጣ፣ እስከሚመጣው እሑድ አትቆዩ፤ ዛሬ ወደ ቤቱ ሂዱ።

የበርጤሜዎስን ጩኸት ለመስማት በመንገድ የቆመ አምላክ የእኛንም ጆሮ ይክፈትልን። ያፈንነውን የምንፈታበት ልብ፣ የተበደለችውም እኅታችን እንደ ቀድሞው በቤቷ የምትዘምርበትን ደስታ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።